ሃቦባ ቋጥራ የያዘችው የድምፅ ቁልፍ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ ከሁሉ የሚከበረው ዕቃ የአባዬ አምፕሊፋየር ነበር። ዛሬ ከእሱ የቀረኝ አንድ ክብ የድምፅ ቁልፍ ብቻ ነው። ጥቁር ነው፣ የጠርሙስ ክዳን ያህላል፣ ጫፉ ላይ ነጭ ሰረዝ አለው። ከመርፌና ከክር ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። በቅርቡ ልጄ ክር ስትፈልግ አገኘችውና «እማ፣ ይሄ የምንድነው?» አለችኝ። በአንድ ቃል የሚመለስ አልሆነልኝም።

ጁባ የገባነው ሰላም ከወረደ በኋላ ነው። አባዬና እናቴ በልጅነታቸው ተሰደው ኢትዮጵያ ያደጉ ናቸው፤ እኔም የተወለድኩት እዚያው ስለሆነ የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ነበር። ጉዴሌ የሚባል ሰፈር ላይ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ሠራን። ከጓሮው በኩል አንድ ክብ የሣር ጎጆ ነበረች፤ እሷ ውስጥ የአባዬ እናት ትኖር ነበር። በጁባ ዓረብኛ አያት ሃቦባ ትባላለች፣ እኛም እንደዚያው እንጠራታለን። አባዬ ትንሽ ልጅ ሆኖ ከተለያት ጀምሮ ጦርነቱን ሁሉ ያሳለፈችው እዚሁ ጁባ ነው። እሷ አማርኛ አትችልም፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ የእሷን የባሪ ቋንቋ አንችልም። በተሰባበረ ጁባ ዓረብኛና በእጅ ምልክት ነበር የምንግባባው።

አባዬ ሾፌር ነበር። ኢትዮጵያ እያለ በቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋር ስላደገ፣ ትንሽ ገንዘብ እንደያዘ መጀመሪያ ያሰበው አልጋ ወይም ወንበር አልነበረም። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አምፕሊፋየር መጣ፤ እስከ ደረቴ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች ተከተሉት። እናቴ የጉዴሌ አቧራ እንዳይገባበት ዳንቴል ሠራችለት። ሲሞቅ የሚያወጣው የፕላስቲክና የአቧራ ሽታ ከውጭ ከሚመጣው የጀነሬተር ቤንዚን ጋር ይቀላቀላል። ያ ሽታ ለእኔ እስከ ዛሬ የእሁድ ሽታ ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባዬ ጀነሬተሩን ያስነሳና መዝሙር ይከፍታል። ድምፁ የሚሰማው በጆሮ ብቻ አልነበረም፤ በእግር ጣት ይገባል፣ ሆድ ውስጥ ይመታል። የጣራው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። እኔና ወንድሜ ስፒከሩ አናት ላይ ኦቾሎኒ እንደረድርና የማን ኦቾሎኒ ቀድሞ ዘሎ እንደሚወርድ እንወራረድ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ የነበራቸው ኢትዮጵያዊው ጋሽ መስፍን በራቸው ላይ ቆመው ይጮሃሉ፦

«ላዶ! ዛሬም ብርጭቆዎቼ መደርደሪያ ላይ ጨፈሩ! አንዱ ቢሰበር ማንን ልጠይቅ?»

«ለጌታ የጨፈረ አይሰበርም፣ ጋሼ!» ይላል አባዬ።

ሃቦባ ግን አንድም ቀን አብራን ተቀምጣ ሰምታ አታውቅም። መዝሙሩ ሲጀመር ወደ ጎጆዋ ትገባለች። በኋላ በኋላ ደግሞ ገና ጀነሬተሩ ሲነሳ ተነስታ ከግቢ ትወጣ ጀመር። አባዬ ይህን ሲያይ ፊቱ ይጠወልጋል። «ቋንቋው ነው» ይላል ለእናቴ። «ልጄን ሰጥቼ ሐበሻ ተመለሰልኝ ብላ ነው የምታዝነው።» የሰፈሩ ልጆችም ሐበሻ እያሉ ይጠሩን ስለነበር ነገሩ እውነት መሰለን። እናቴ ጠንቃቃ ሴት ነበረች። «እስቲ ድምፁን ቀንሰህ እያት» ብትለውም፣ «ድምፅ ምን ያደርጋታል?» ብሎ አለፈው።

ከዚያ አባዬ ገበያ ለገበያ ዞሮ በባሪ ቋንቋ የተዘመረ የመዝሙር ካሴት አገኘ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። በዚያ እሁድ ስፒከሮቹን ወደ ደጃፍ አወጣና ፊታቸውን ወደ ጎጆዋ አዞረ። እኛም ሃቦባ እያጨበጨበች ስትወጣ ለማየት ተሰለፍን። አባዬ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ድረስ አዞረው።

ሃቦባ ወጣች። ግን እየሮጠች ነበር። ታናሽ ወንድሜን ከመሬት ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችውና ከጎጆዋ ግድግዳ ሥር በግንባሯ ተደፋችበት። አንድ እጇ አፉን ይዞ ነበር። አባዬ ያመማት መስሎት ድምፁን አጥፍቶ ሮጠ። ፀጥ ሲል ቀና ብላ አንድ በአንድ አየችን። ልጁን ለእናቴ መለሰች፣ የልብሷን አቧራ አራገፈች፣ ጨርቆቿን በጥቅል አሰረች። «ኸላስ» ብቻ አለች። በቃ ማለት ነው። አትላባራ ሰፈር ወዳለችው የእህቷ ልጅ ቤት ሄደች።

ያን ቀን ቤታችን ምሳ አልተበላም። አባዬ እናቱን ያገኛት ሞታለች ብሎ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነበር። አሁን ደግሞ ከገዛ ቤቱ ወጥታ ሄደች። «ካልተመለሰችስ?» ስል እናቴን ጠየቅኳት። እናቴ እንዲህ ያለውን ጥያቄ አትወድም ነበር፤ ሽንኩርት ላጪ ብላ አስወጣችኝ።

በማግስቱ አባዬ እኔን ይዞ አትላባራ ሄደ። ሃቦባ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጣለች። ለእኔ ግማሽ ማንጎ ሰጠችኝ፣ ለእሱ ምንም አልሰጠችውም። የሚነጋገሩት ባብዛኛው በጁባ ዓረብኛ ስለነበር ተከታተልኳቸው፤ የቀረውን ስንመለስ አባዬ ነገረኝ።

«ያ ማማ፣ እናቴ፣ በቋንቋሽ እኮ ነው የከፈትኩልሽ» አላት።

«ሰማሁት። ጥሩ መዝሙር ነው። ድሮ እኔም እዘምረው ነበር።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

ሃቦባ ጎንበስ ብላ መዳፏን መሬቱ ላይ አስቀመጠች። «ከጆሮ በፊት የሚያውቀው ይሄ ነው። ቦምብ ሲወድቅ መጀመሪያ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ያኔ በአጠገቤ ያለውን ልጅ፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ይዤ ጉድጓድ እገባለሁ። እንዳያለቅስ አፉን እይዘዋለሁ።» ቀና ብላ አየችው። «አንተ አልነበርክም።»

«አልነበርኩም» አለ አባዬ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«እኔስ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ ላዶ እዚህ የለም፣ ላዶ እዚህ የለም እያልኩ አልነበር እግዚአብሔርን የማመሰግነው?»

አባዬ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። እጄ ላይ ያለው ማንጎ እየተንጠባጠበ መብላቱን ረሳሁት። ፊቱን በክንዱ ጠርጎ «እሸጠዋለሁ፣ ነገውኑ» አላት።

ሃቦባ ሳቀች። «ከሐበሻ አገር ድረስ አምጥተኸው? አትሽጠው። እኔን የሚያስፈራኝ መጮሁ አይደለም፤ መቼ እንደሚጮህ አለማወቄ ነው። ና፣ መዝጊያውን አሳየኝ።»

አብራን ተመለሰች። ሳሎን ገብታ የእናቴን ዳንቴል በሁለት ጣቷ ገለጠችና አባዬ ያሳያትን ቁልፍ ያዘች። ወደ ግራ ወደ ቀኝ ስታዞረው፣ ድሮም ላልቶ ስለነበር፣ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ደነገጥን። እሷ ግን አገላብጣ አየችውና ትከሻዋ ላይ በምታስረው ጨርቅ ጫፍ ላይ አስቀምጣ ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው። የጁባ ሴቶች ውድ ነገር የሚይዙት እንደዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ሃቦባ ቋጠሮዋን ካልፈታች በስተቀር ቤታችን ውስጥ መዝሙር አይሰማም ነበር። በመጀመሪያው እሁድ በጣም ትንሽ ስለከፈተችው እኔና ወንድሜ ስፒከሩ ላይ ጆሯችንን ለጥፈን ሰማን። ኦቾሎኒዎቻችን ንቅንቅ አላሉም። ጋሽ መስፍን ወሬው ደርሷቸው ኖሮ «ላዶ፣ ፒንሳ ላውስህ? ያለ ቁልፉም እኮ ዘንጉ ይዞራል» እያሉ ያሾፉበት ነበር። «ፒንሳ ቤቴ ሞልቷል፣ ጋሼ» ይላቸዋል አባዬ። አንድም ቀን ግን አልተጠቀመበትም።

ሃቦባ በጊዜ ብዛት ነጩን ሰረዝ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ላይ ትገፋው ጀመር። ስትጨምር ጫማዋን አውልቃ ወለሉን በባዶ እግሯ ታዳምጣለች፤ ከበዛባት ትመልሰዋለች። አማርኛውንም ሳትረዳው በአፏ ታጅብ ነበር። አገራችን ነፃ የወጣችበት ቀን ሲደርስ ሰፈሩ ሁሉ ጭቃ ላይ ወጥቶ ይጨፍር ጀመር። ሃቦባ ወደ ሳሎን ገባች፣ ቋጠሮዋን ፈታች፣ ቁልፉን ሰክታ እስከ መጨረሻው አዞረችው። ከመንገዱ ማዶ ጋሽ መስፍን ብርጭቆዎቻቸውን ሊያድኑ ሲሮጡ አየናቸው። እሷ ወደ ግቢ ወጥታ እርጥቡን መሬት በመዳፏ ነካችና ወደ እኛ ዞረች። «አትፍሩ» አለች እየሳቀች፣ «ይሄ እኛ ነን።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን የእኔ ዘመን ልጆች ሁሉ ታውቁታላችሁ። ሃቦባ ያንን ሳታይ አረፈች፤ ከማረፏ በፊት ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። ወገን ከወገን ተዋግቶ ተኩሱ ሲመለስ እኔ ከትምህርቴ ቀረሁ፣ ቤታችን ተዘረፈ፣ አምፕሊፋየሩም አብሮ ሄደ። ቆይቶ ደግሞ እኔም በተራዬ ልጄን ይዤ ወለል ላይ የተኛሁበት ቀን መጣ። እጄ ምን እንደሚሠራ ሳላውቀው አፏን ይዤው ነበር።

አሁን ዕቃው ሁሉ ትንሽ ሆኗል። የልጄ ስፒከር ከቡጢዬ አይበልጥም፣ ገመድም ቁልፍም የለው፤ ድምፁ ግን ጠረጴዛ ያንቀጠቅጣል። ጥቁሩን ቁልፍ ካገኘች ጥቂት ቀን ቆይታ ስፒከሯን ድንገት ስትከፍተው የያዝኩትን ድስት ጥዬ ሮጥኩ። መጀመሪያ ሳቀችብኝ፣ ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን አቆመች። ያን ዕለት ነው የጥቁሩን ቁልፍ ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የነገርኳት። እጇ ላይ እያሽከረከረች ሰማችኝ፣ ከዚያም ወደ ክሮቹ መለሰችው።

ከዚያ ወዲህ ዘፈን ልትሰማ ስትል ከክፍሏ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጠራኛለች።

«እማ! ልከፍት ነው!»

እኔም ልብስ እያጠብኩ ከሆነ እርጥብ እጄን ግድግዳው ላይ አሳርፋለሁ። «ክፈቺ» እላታለሁ። ጥቂት አዳምጥና፣ ልቤ ቦታው መሆኑን ሳረጋግጥ፣ እንደገና እጣራለሁ።

«ጨምሪ።»