ከመጋረጃ ጀርባ የተመረጠው ቤዝ

የቤዝ ክር ስትቀይሪ ጣትሽ ላይ የሚቀር ሽታ አለ። የብረት ሽታ ነው፤ የበር ቁልፍ ጨብጦ የዋለ እጅ የሚሸተውን ዓይነት፤ በሳሙናም ቶሎ አይለቅም። ትናንት ከሥራ መልስ አራቱንም ክር ቀይሬ፣ እጄን ሳልታጠብ ስልኬን ባነሣ ያንቺ መልእክት ገብቷል። ሦስት ፎቶ፣ ሦስት ቤዝ ጊታር፣ ከሥሩ «የትኛውን ልግዛ?» የሚል። ልመልስልሽ ስጀምር ሽታው አፍንጫዬ ገባና ሐሳቤ ወደ ጋሼ ሄደ። እንግዲህ ታገሺኝ። ስለ ቤዝ ተጠይቆ አጭር መልስ የሚሰጥ ሰው ካጋጠመሽ ቤዝ አይወድም ማለት ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሆላንድ፣ ሄግ ከተማ፣ ሙርዋይክ የሚባል ሰፈር ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። በሳምንት አምስት ቀን በየቤቱ እየዞርኩ አቅመ ደካማ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን የማንም አልነበርኩም። ከቤታችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ የሰፈሩ ሰው የሚሰበሰብበት ቡርትሃውስ አለ። እዚያ አንዷን ክፍል ጠዋት ሴቶች ልብስ ስፌት ይማሩባታል፣ ከሰዓት እኛ እንገባባታለን። ሁሌ የጋለ ካውያና የረጠበ ጨርቅ ትሸት ነበር። ፀሐይ ከወጣች፣ ከወጣች ነው የምልሽ፣ በትልቁ መስኮት ገብታ ወለሉ ላይ የወዳደቀውን መርፌ ሁሉ ታብለጨልጨው ነበር።

እኛ የምልሽ አራት ሰዎች ነን። አራታችንም ቤዝ ተጫዋች። አራት ቤዝ ተሰብስቦ አንድ ከበሮ እንኳ የለንም፣ ሳቂ! ለነገሩ ባንድ ልናቋቁም አልነበረም የምንገናኘው፤ ልንከራከር ነበር። አንዱ ከቭላርዲንገን የሚመጣ፣ ወደብ ላይ የሚሠራ መሐንዲስ ነው። ቤዙን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አድርጎ እንጨቱ ምን እንደሆነ ይነግርሻል። አንድ ቅዳሜ የእኔን ቤዝ ጀርባውን ፈትቶ ሽቦውን ሲመረምር ዋለና ድምፁን አንዴም ሳይሰማው ገጥሞ መለሰልኝ። ሌላው ከስኪዳም ከተማ የሚመጣ ዘማሪ ነው፤ በትንሿ ጸሎት ቤታቸው መዝሙር የሚያጅብ። ክሩ አምስት ካልሆነ ቤዝ አይለውም። እነዚህ ሁለቱ የያዙትን ክርክር ቅዳሜ አይጨርሰውም፤ ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ይቀጥሉታል።

አራተኛው ጋሼ ናቸው። ሄግ ውስጥ ትራም ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ መጨረሻው ቁልፍ የሚቆልፉ ሰው። ነፍሳቸውን ይማርና አሁን የሉም። የእሳቸው ቤዝ ቀይ ነበር፤ ሆላንድ በገቡ በሁለተኛው ዓመት የገዙት፣ ጀርባውን የቀበቷቸው ዘለበት የፋቀው፣ ስታነሺው ወገብሽን የሚፈትን። አንገቱ ረጅም፣ ክሩ ጠንካራ። እዚህ አገር የእኛ ሰው ሲያገባም ሲያስጠምቅም ያ ቤዝ ያልነበረበት ድግስ አላስታውስም። የአክስቴ ሠርግ ላይ ገና ልጅ ሆኜ ድምጽ ማጉያው አጠገብ ቆሜ ደረቴ ውስጥ ሲመታ የተሰማኝ እሱ ነው። ቤዝ ተጫዋች ያደረገኝ እሱ ነው ብልሽ አላጋነንኩም።

አንድ ቅዳሜ የጋሼ ልጅ ቡርትሃውስ ድረስ መጣች። አምስተርዳም ልታገባ ስድስት ሳምንት ቀርቷታል። እዚሁ ያደገች ናት፤ አባቷን አንተ ነው የምትለው፣ እሳቸውም ለምደውታል። እኛ ፊት አንገታቸውን አቀፈችና፣

«አባዬ፣ ስገባ አንተ ካልተጫወትክ አልገባም። አፍስፕራክ? ቃል ግባልኝ» አለቻቸው።

«ቃሌ ነው» አሉ ጋሼ። የምራቸው መሆኑን እንድታምን እጇን ጨበጡላት። ከሄደች በኋላ ግን ያን ቀን ቤዛቸውን ከሻንጣው ሳያወጡት ዋሉ፤ እኔም ደስታው ነው ብዬ አለፍኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀደም ብዬ ደረስኩ። የክፍላችን በር መስታወት ነበረው። ልከፍት ስል ጋሼን ብቻቸውን አየኋቸው፤ ቀዩን ቤዝ ታቅፈው የሠርግ ዘፈን ይሞክራሉ። የግራ እጃቸው የመጨረሻ ሁለት ጣቶች ክሩን ተጭነው መያዝ አልቻሉም። ድምፁ ይንጫጫል፣ ይቋረጣል። እጃቸውን ውኃ እንደሚያራግፍ ሰው አራገፉት፣ እንደገና ሞከሩ፣ እንደገና እንቢ አለ። ቀዩን አስቀመጡና ከሌላ ሻንጣ አይቼው የማላውቀው ትንሽ ሰማያዊ ቤዝ አወጡ፤ አንገቱ አጭር፣ ቀለል ያለ፣ ጣት ብዙ የማይዘረጋበት። ያንኑ ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወቱት። አንድም አልሳቱም። ሥራዬ ነው፣ እንዲህ ያለ እጅ አውቃለሁ። ኩባያ የሚያመልጠው እጅ፣ ቁልፍ መቆለፍ የሚያቅተው እጅ በየቀኑ በእጄ ይገባል። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ለመቆለፍ ጠዋት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባቸው ሳስብ የበሩን እጀታ ለቀቅኩት። ኮሪደሩ ላይ ቆይቼ ሁለቱ ሲመጡ አብሬያቸው እንደ አዲስ ገባሁ።

ጋሼ ሁለቱንም ቤዝ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉልን። ትንሿን አንድ ወዳጄ እንድፈትሽለት የሰጠኝ ናት አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣

«እስቲ ሳትዋሹ ንገሩኝ። ለልጄ ሠርግ የትኛውን ይዤ ልሂድ?» አሉ።

ምን ሊሰሙ እንደፈለጉ እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው። ጣቴ ከዳኝ ማለት ሞታቸው ነው። ሌላ ሰው ትንሿን ይያዙ ቢላቸው ግን ምክር ሰምተው ይሄዳሉ፣ ክብራቸውም አይነካ፣ ቃላቸውም አይታጠፍ። ታዲያ ሁለቱ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ተሽቀዳድመው ቀዩን አነሡ። መሐንዲሱ የቀዩን እንጨት ሲያወድስ ብትሰሚው! ባለፈው ወር ትራም ውስጥ ያ ቤዝ ሙዚየም ነው ቦታው ያለኝ ሰው እኮ ነው። ዘማሪውም ክሩ አራት ብቻ መሆኑን ረስቶ፣ ጋሼ ያለ ቀዩ ጋሼ አይሆኑም አለ። ይሉኝታ ነዋ። የሰውየውን የሠላሳ ዓመት ቤዝ ፊት ለፊት ማን ይንቅ? ጋሼ ፈገግ እንዳሉ ሰሟቸው፤ ፈገግታው ግን እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ።

«እንግዲያው የሠርጉ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ልጅ ቢጫወትላት ይሻላል» አሉ ቀስ ብለው። «የሙሽራ አባት እንግዳ ነው መቀበል ያለበት።»

ሁለቱ ትሕትና መሰላቸው። እኔ ግን ልጅቷ ታየችኝ፤ የአዳራሹ በር ላይ ቆማ አባቷን መድረክ ላይ ስትፈልግ። እሳቸውም የታጠፈ ቃላቸውን ይዘው ዕድሜ ልካቸውን ሰበብ ሲደረድሩላት ታዩኝ።

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። እንዲህ በወሬ ቤዝ አይመረጥም፣ ሳናይ እንስማ አልኩ። ክፍሉ ጥግ ላይ የስፌት ተማሪዎቹ ልብስ የሚለኩበት መጋረጃ ነበር። እኔ ከጀርባው ገብቼ ሁለቱንም ልጫወት፣ እናንተ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ፍረዱ አልኳቸው። ፈተና ሲሆን መሐንዲሱ ዓይኑ በራ። ሦስቱም ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ፤ ጋሼ ከመሐል።

መጀመሪያ ትንሿን ይዤ ያለኝን ሁሉ ሰጠኋት። ከዚያ ቀዩን አነሣሁ። ቤዝ ላይ ቶን የምትባል ትንሽ ቁልፍ አለች፤ ስትከፍቻት ድምፁ ይጠራል፣ ስትዘጊያት ይታፈናል። እስከ መጨረሻው ዘጋኋት። በዚያ ላይ መዳፌን ክሩ ላይ ጋደም አድርጌ ያንኑ ዜማ ተጫወትኩ። ያሳደገኝን ድምፅ በገዛ እጄ አፍኜ ስጫወት ጆሮዬ ድረስ ነው ፊቴ የጋለው። ደግነቱ መጋረጃው ወፍራም ነበር።

ስጨርስ መሐንዲሱ ቀደመ። የመጀመሪያው የጋሼ ነው፣ አሮጌ እንጨት ራሱን አይደብቅም አለ። ሁለተኛው ግን የልጅ መጫወቻ ነው፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ይመስላል አለ። ዘማሪው ደግሞ ይባስ ብሎ፣ ሁለተኛውን ይዞ ሠርግ የሚሄድ ሰው ሙሽሮቹን ይጠላል ማለት ነው አለ። ሁለቱም በአንድ ቃል የመጀመሪያውን መረጡ።

ቀዩን ቤዝ ታቅፌ፣ ሁለተኛው ይኼ ነው ብዬ ወጣሁ።

መሐንዲሱ ጣሪያውን አየ። ዘማሪው ሳል ሳይኖረው ሳለ። ጋሼ ናቸው ያዳኑን። ሳቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። እንግዲህ ፍርድ ተሰጥቷል፣ ትንሿን ይዤ እሄዳለሁ አሉ። ወደ መጋረጃው ትንሽ ረዘም አድርገው ማየታቸውን አስተውያለሁ፤ ከዚያ ትንሿን ወደ ሻንጣዋ መለሷት።

ይኸን እየጻፍኩልሽ ዝናቡ መስኮቴን ይደበድበዋል። ሳልረሳው፣ ከፎቶዎችሽ ሦስተኛውን ውሰጂ፤ አንገቱ ቀጥ ያለ ነው። ወደ ነገሬ ልመለስ።

እስከ ሠርጉ ድረስ ቀዩ ቤዝ እንቅልፍ አልሰጠኝም ብልሽ ትስቂ ይሆናል። ሰው አምቼ እንኳ እንደዚያ ተጸጽቼ አላውቅም። ቀኑ ደረሰና ከእናቴ ጋር በባቡር አምስተርዳም ሄድን። አዳራሹ ሽቶና የቀይ ወጥ ሽታ ተቀላቅሎ ያውድ ነበር፤ በትልልቁ መስኮት የበጋ ፀሐይ ገብታ የነጩን ልብስ የወርቅ ጥለት ታበራለች። መሐንዲሱና ዘማሪው አንድ ጠረጴዛ ይዘው ስለ መድረኩ ድምጽ ማጉያ ይጨቃጨቃሉ። ጋሼ በሙሉ ልብስ፣ ትንሿን ሰማያዊ ቤዝ አንጠልጥለው ከባንዱ ጋር ቆመዋል።

ሙሽራዋ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ሙሽራውን አይደለም። ጋሼ ጀመሩላት። ረጋ ብለው፣ እያንዳንዱን ድምፅ ቦታው ላይ እያስቀመጡ ተጫወቱ፤ ጣቶቻቸው አልከዷቸውም። እሷ መሐል መንገድ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ሚዜዎቿ ናቸው ቀስ ብለው ወደፊት ያራመዷት። እናቴ አጠገቤ እልልታዋን ስታቀልጠው እኔ እንባዬን በናፕኪን እጠርጋለሁ።

ዘፈኑ አልቆ ጭብጨባው ሲበርድ ጋሼ ከመድረክ ወርደው አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ግንባራቸው በላብ ርሷል። ውኃ ጠጡና፣

«ቶኑን ዘግተሽው ነበር» አሉኝ።

ደነገጥኩ። መካድ አማረኝ፣ ግን ጠየቅኳቸው።

«አውቀውት ነበር እንዴ፣ ጋሼ?»

«ልጄ፣ የራሴ ቤዝ ታፍኖ ሲጮህ ይጠፋኛል? ለምን እንደዘጋሽው ነው ያልገባኝ። ቤቴ ገብቼ ጣቴን ሳይ ገባኝ።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጥቂት አዩት። «የጠየቀኝ የለም፣ እንድናገርም ያስገደደኝ የለም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ይቅርታ ልላቸው ስል እጃቸውን አነሡ። ከጠረጴዛው ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር፣ የቀዩን ቤዝ ረጅም ጥቁር ሻንጣ አሳዩኝ። ከሄግ ድረስ በመኪና ጭነውት መጥተዋል።

«ሁለት ሰው ፊት ስሙን አጥፍተሽብኛል» አሉ። «አሁን ይኼ ሁሉ ሰው ፊት መልሺለት። ለባንዱ ልጅ ነግሬዋለሁ።»

መድረክ ላይ ወጣሁ። ቀዩን ቤዝ አንገቴ ላይ ስሰቅለው ትከሻዬን ወደታች ጎተተኝ። ቶኑን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ባንዱ ችክችካውን ጀመረ፣ ገባሁ። ወለሉ ከሥሬ ሲነዝር ተሰማኝ። መሐንዲሱ ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ መድረኩ ዞረ፤ ዘማሪውን በክርኑ ጎሸም አድርጎ አንድ ነገር ሲለው አየሁ፤ ሁለቱም ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም።

ጋሼ ልጃቸውን ይዘው መሐል ገቡ። እሳቸውን ሲጨፍሩ አይቼ አላውቅም፤ ለካ ማንም አይቷቸው አያውቅም። በሰው ሠርግ ሁሉ መድረክ ላይ ናቸዋ። መጀመሪያ እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፍቷቸው እንደ እንግዳ ቆሙ። ከዚያ ቤዙ ወደታች ሲወርድ ትከሻቸው አብሮ ወረደ፣ ሲወጣ ወጣ፤ ልጅቷ ቬሏን በአንድ እጇ ሰብስባ ፊት ለፊታቸው ትከሻዋን ሰጠቻቸው። ያን ሸሚዝ የላይኛውን ሁለት ቁልፍ ፈትተውት ነበር። እየጨፈሩ መድረኩ ሥር ድረስ ተጠጉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት አዳመጡና ቀና ብለው አዩኝ።

«ሠላሳ ዓመት ከኋላው ቆሜ ነው የሰማሁት» አሉኝ በሙዚቃው ላይ ጮክ ብለው። «ለካ ለእናንተ እንዲህ ነበር የሚሰማችሁ።»

ይህን ብለውኝ ወደ ልጃቸው ተመለሱ።