ነጂብ ሲሰግድ ያላላሁት ማሰሪያ

እስካለፈው ሐሙስ ድረስ ይህን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴ እንኳ በየዓመቱ ስናዘዝ ይቺን እዘላታለሁ። ሐሜቱን፣ ንዴቱን፣ ጾም የገደፍኩበትን ቀን ሁሉ አራግፌ ስጨርስ እሷ ብቻ ምላሴ ሥር ትቀራለች። ለምን? ሰው አልገደልኩም፣ ቤት አልሰበርኩም። እንዲያውም ባሰብኳት ቁጥር ሳቄ ይመጣል። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። በወዳጁ ላይ የሠራው በደል የሚያስቀው ሰው ምን ይባላል? እስቲ እናንተ ፍረዱኝ።

መካኒክ ነኝ፤ ጅማ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ሁለት መኪና የማታስገባ ጠባብ ጋራዥ አለችኝ። ወዳጄ ነጂብ ደግሞ ሾፌር ነው። ያኔም ዛሬም የሚነዳው ሚልኪ የምትባል አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ነው። ሚልኪ በኦሮምኛ መልካም ገድ ማለት ነው። መንገድ ላይ ቆማ ስለማታውቅ ነጂብ ራሱ አወጣላትና የኋላው መስታወት ላይ በቢጫ ቀለም ጻፈው። ሩቅ አገር ሠርግ ያለው ሁሉ፣ ለቅሶ የሚደርስ ሁሉ፣ ነጂብ ካልወሰደኝ አልሄድም ይል ነበር።

ምስጢሩ ሌላ አልነበረም። ነጂብ ሩቅ መንገድ ሲወጣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ መኪናዋን ይዞራታል። ውሃዋን፣ ዘይቷን፣ ቺንጋዋን ያያል፤ ጎማዎቹን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ ድምፃቸውን ያዳምጣል። በመጨረሻ ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን ወፍራም የጎማ ቱቦ ይይዝና፣ ቱቦውን አንቆ የያዘውን የብረት ማሰሪያ በካቻቪቴ ያጠብቃል። ከዚያ ኮፈኑን ክፍት ትቶ ሱብሂ ሊሰግድ ይሄዳል። ሲመለስ "ቢስሚላህ" ብሎ ይዘጋና ይነሳል። እኔ በእጁ እቀና ነበር። የእኔ እጅ የተበላሸውን ይጠግናል፤ የእሱ እጅ ግን እንዳይበላሽ ያደርግ ነበር።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። አጋሮ መግቢያ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ነበር። ሰውየው ሲንጀሩን በር ላይ ገትሮ ሲሰፋ ይውላል፤ ሴት ልጁ ሰብለ በረንዳው ላይ ቡና ትለቅማለች። ሩቅ መንገድ ሲሆን ነጂብ እኔንም ይዞኝ ይሄድ ነበርና፣ በዚያ ባለፍን ቁጥር አንገቴ እስኪጣመም አያታለሁ። ወርጄ ሰላም እንዳልላት አባትየው በር ላይ ነው፤ ልብስ እንዳላሰፋ አጋሮ ድረስ ምን አመጣህ መባሌ ነው። ሰበብ አጣሁ። በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። በእኛ አገር መንገድ ላይ ለቆመ መኪና ውሃ የሚከለክል ቤት የለም። እንግዳ ሰው ውሃ ሲጠይቅ ከየት ነህ ይባል ይሆናል፤ ለራዲያተር ከሆነ ግን ጄሪካኑን ራሳቸው ይዘው ይወጣሉ።

እናም ከሃያ ዓመት በፊት፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ በደሌ ድረስ ሠርገኛ ልናደርስ ስንዘጋጅ ነጂብ ማሰሪያውን አጠበቀ፤ አይቼዋለሁ። ካቻቪቴውን ሞተሩ አጠገብ ትቶ ሊሰግድ ሄደ። ካቻቪቴውን አነሳሁት። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ሁለት ዙር አላላሁት። እኔ ነኝ ያላላሁት። ወዳጄ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ምናልባት ለእኔም ጭምር ሰላም መንገድ እየለመነ ሳለ፣ እኔ የደከመበትን ፈታሁበት።

ጋቢና ከነጂብ ጎን ተቀምጬ ዓይኔን ከሙቀት መለኪያው አልነቀልኩም። መርፌው ከአጋሮ በፊት እንዳይወጣ ስጸልይ ነበር። እንዲህ ያለ ጸሎት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ልክ የልብስ ሰፊው ቤት ሲታየኝ መርፌው ወጣ፤ "አቁም፣ ሞተሩ ሊቃጠል ነው" አልኩ። እንፋሎቱ ቡፍ አለ።

ነጂብ በጨርቅ ይዞ ቱቦውን ሲነካው ማሰሪያው ተወዛወዘ። እጁን ገልብጦ አየው።

"ወላሂ ያጠበቅኩት መስሎኝ ነበር" አለ። "ማሎ፣ እንዴት ረሳሁት?"

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጌ፣ "ሰው ነህ፣ ይረሳል። አይዞህ" አልኩት። በሠራሁት ጥፋት እሱን ይቅር አልኩት!

የቀረው ደስታ ነበር፤ ደስታ አልነበረም ብዬ አልዋሽም። ትኩስ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከተጨመረ ይሰነጠቃልና በደንብ ይቀዝቅዝ አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ ግን ሁለት ሰዓት አይፈጅም ነበር። ሠርገኛው ወርዶ አስፋልቱ ዳር ዘፈኑን አቀለጠው። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ጨፈረ፤ ኮስታራው ልብስ ሰፊ እንኳ የአንዱን ሚዜ የተተረተረ ሱሪ በነጻ ሰፍቶ በእጁ አጨበጨበ። እኔ ጄሪካን ይዤ እመላለሳለሁ። ሰብለ ትቀዳለች፣ እኔ ስሟን እጠይቃለሁ። ሰብለ ትቀዳለች፣ እኔ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች እጠይቃለሁ። ሦስተኛው ጄሪካን አላስፈለገም ነበር፤ ከመኪናው ኋላ ዞሬ ሣር ላይ ደፋሁትና ለአራተኛ ጊዜ ሄድኩ። በስድስተኛው ወር ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹን የወሰደው፣ ስለ እኔ ታማኝነትም የመሰከረው ማን ነው? ነጂብ።

እሱ ግን ከዚያ ጉዞ በተመለሰ ማግስት ሚልኪ የሚለውን ጽሑፍ ከመስታወቱ ላይ በምላጭ ፋቀው። "ሠርገኛ መንገድ ላይ አስቁሜ በዚህ ስም አልዞርም" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ማሰሪያውን ያጠብቃል፣ ያጠብቃል፣ ደግሞ ያጠብቃል፤ ከዚያ ይደውልልኛል። "ና እስቲ አንተ እየው፣ የእኔን እጅ አላምነውም።" እኔም እሄዳለሁ፤ ነካ አድርጌ "ጥሩ ነው" እላለሁ። ወጣት ሾፌሮችን ሲመክርም የራሱን ጥፋት እየተረከ ነው። ያልሠራውን ጥፋት! በዚያ ጥንቃቄ ምክንያት ሚልኪ ዳግም ቆማ አታውቅም፤ እኔም ስንት ጊዜ በዚህ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። አይሆንም። መኪናዋ ድሮም አትቆምም ነበር። ያቆምኳት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ ትልቋን ልጄን ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲ ልናደርሳት፣ ሐዋሳ ድረስ፣ ሚልኪን ጋራዥ አስገብተን ስናዘጋጅ ነጂብ እንደ ልማዱ ከኮፈኑ ቀና ብሎ፣ "ልጅህ ናት የምትሄደው፤ አንተ አጥብቀው፣ የእኔ እጅ ይረሳል" አለኝ። ያቺ ልጅ በዚያ ጥፋቴ ሰበብ የተወለደች ናት። አፌ ተከፈተ። ሁሉንም ነገርኩት።

ነጂብ ካቻቪቴውን ሞተሩ ላይ አኖረ።

"ስሰግድ ነው?"

"ስትሰግድ ነው።"

"ሃያ ዓመት አላህን ለዚያች ማሰሪያ ይቅርታ ስለምን ኖርኩ" አለ። እጁን ገልብጦ አየው፤ ያን ቀን እንዳየው። "ለሰብለ ነግረሃታል?"

"አልነገርኳትም።"

"ማታ ንገራት። ከዚያ የመኪናዬን ስም መልሰህ ትጽፋለህ፤ በራስህ እጅ።"

ማታ ነገርኳት። ሰብለ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "ሦስተኛውን ጄሪካን ሣር ላይ ስትደፋው አይቼሃለሁ" አለችኝ። "አራተኛውን ለምን ግማሽ ብቻ የቀዳሁልህ ይመስልሃል?" አርብ ዕለት ቢጫ ቀለም ገዝቼ ጻፍኩ። ፊደሌ ተንጋዷል።

ይቅር በሉኝ ብዬ አልጠይቃችሁም። ይቅርታ የሚጠየቀው ነጂብ ነው፤ እሱም ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፣ እኔም ወጣት ነበርኩ ብዬ አልከላከልም። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ነጂብ መኪናዋን ዞራት። ማሰሪያውን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አጠበቀ። ና እየው አላለኝም። በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አዛን ሲል ኮፈኑን ክፍት ትቶ ወደ መስጊድ መንገድ ጀመረ፤ ጥቂት እንደሄደ ተመለሰ። ካቻቪቴውን ሞተሩ አጠገብ ካስቀመጠበት አነሳ፣ እኔን እያየ ኪሱ ውስጥ ከተተና ሊሰግድ ሄደ።