የእቴቴ ብርቄ ሳል

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ላግ ባኦመር በሚባለው የአይሁድ የእሳት በዓል አመሻሽ ላይ፣ አባባ ፈንታ አንድ ታሪክ ጀምረው መሃል ላይ አረሙት። ቦታው እስራኤል፣ የአሽዶድ ከተማ ባሕር ዳርቻ ነበር። አሸዋው ላይ በየቤተሰቡ እሳት ነዶ ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥላል፤ እኛ ልጆች ፍሙ ውስጥ የቀበርነውን ድንች እየጠበቅን አባባን ከበናቸዋል።

አባባ የአያቴ ወንድም ናቸው። ጎንደር ሳሉ ዲያቆን ነበሩ። እስራኤል ከገባን በኋላ ሁላችንም ወደ አባቶቻችን ይሁዲነት ተመልሰናል፤ ያኔ አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ ምኩራብ ይሄዱ ነበር፤ የድሮውን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ግን አውርተው አይጠግቡም። እህታቸው እቴቴ ብርቄ ሁልጊዜ አጠገባቸው ተቀምጠው ሱፍ ይፈለፍላሉ። አይናገሩም፤ ያስላሉ ብቻ። ባሳሉ ቁጥር ውሃ ይዤ የምሮጠው እኔ ነበርኩ።

ያን ዕለት ታሪኩ ለእኔ ጨዋታ አልነበረም። በዚያው ሳምንት «ሾራሺም» (ሥሮች) የሚሉትን፣ ከዘመድ የሰማነውን ታሪክ የምንናገርበትን የትምህርት ቤት ሥራ ክፍሉ ፊት ማቅረብ ነበረብኝ፤ የመረጥኩትም ይህንኑ፣ ንጉሡ ሃይማኖት ለውጡ ሲል እምቢ ያለችውን የጣና መነኩሲት ታሪክ ነው።

«አበምኔቱም ጠርተው፣ ማኅበሩን ይዘሽ ሂጂ አሏት» አሉ አባባ።

እቴቴ አሳሉ። ውሃ ሰጠኋቸው፤ ሳይጠጡ አስቀመጡት።

«ምን ነካኝ!» አሉ አባባ። «ማንም አላዘዛት። ማኅበሩን የመሠረተችው ራሷ ናት። ወንዶቹም ለእሷ ነበር የሚታዘዙ።»

የአክስቴ ልጅ ዳዊት ሳቀ። «ሴት ወንዶቹን መነኮሳት ስታዝ! በይ ይህን ክፍል ውስጥ ተናገሪና መሳቂያ ሁኚ። ለእናንተ ለሴቶቹ ብለው የፈጠሩት ነው።»

ፈራሁ። «አባባ፣ እውነት ነው ወይስ አንቱ የፈጠሩት?»

አባባ እቴቴን አዩ። እቴቴ አላሳሉም።

«እውነት ነው፤ ገድሏ ላይ ተጽፏል» አሉ አባባ። «አንተ ዳዊት ይልቅ ድንችህ አረረ!»

ሁሉም ሳቀ። ታሪኩንም አቀረብኩት፤ ማንም አልሳቀብኝም። ከዚያ ምሽት ልብሴ ላይ ከቀረው የጭስ ሽታ ሌላ አንድ ልማድ ቀረልኝ፦ ከመጻፌ በፊት እጠይቃለሁ። ኋላ እንጀራዬ የሆነውም ይኸው፣ እየጠየቁ መጻፍ ነው።

ባለፈው ዓመት አሽዶድ፣ ሮቫ ቫቭ በሚባለው ሰፈር፣ እቴቴ ቤት፣ ሁለቱንም አገኘኋቸውና አባባ ገድሉን የት እንዳነበቡት ጠየቅኩ።

«እኔ?» አሉ አባባ እየሳቁ። «እኔ ከየኔታ እየጠፋሁ ወንዝ ስዋኝ ነው ያደግሁ። እሷ ናት የየኔታ አጥር ጥግ ጥጥ እየፈተለች ሁሉንም የቀሰመች። ቤት ስገባ ታስጠናኛለች፤ በማግስቱ የኔታ ፊት እወጣዋለሁ። የደቆንኩትም በእሷ ቃል ነው።»

«ታዲያ ሲሳሳት ዝም ልበል?» አሉ እቴቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ግን ያን ሁሉ ውሃ ለምን ታመላልሺ ነበር? ጉሮሮዬ ደኅና ነበር እኮ።»