ሲስተር ጠበል ሄዳለች

ጥሩብርሃንን ስድስተኛ ክፍል ያስተማርኋት እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ ከምናስተምርበት አሮጌ የንባብ መጽሐፍ አንድ ገጽ ላይ ነጭ ቆብ የደፋች ነርስ ሥዕል ነበረ፤ ከሥሩም «ይህች ሴት ሥራዋ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ተጽፏል። ሌሎቹ ልጆች መርፌ መውጋት ነው አሉ። ጥሩብርሃን ግን ተነሥታ፣ «ሰው ብቻውን እንዳይታመም አብራው ትሆናለች» አለች። መልሱ መጽሐፉ ውስጥ ካለው ጋር ባይገጥምም ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

እናቷ ወይዘሮ ያለምወርቅ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አጥር ለአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ናቸው። ልጅቱ ነርስነት ተምራ ስትመረቅ የተመደበችው ከቁይ ከተማ ወዲያ በእግር በሚኬድበት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ነው። ሰባት ዓመት ሠራች። ጤና ጣቢያው ሌሎችም ነርሶች ነበሩት፤ ነገር ግን አገሬው «ሲስተር» ብቻ ካለ እሷን ማለቱ ነው።

በጤና ጣቢያው ግቢ የእናቶች ማቆያ የሚባል ቤት አለ። ቤታቸው ሩቅ የሆነ እርጉዞች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው እዚያ ይሰነብታሉ፤ ምጥ ሲይዛቸው ማዋለጃው አሥር እርምጃ ነው። ሴቶቹን በየቤታቸው እየዞረች፣ ባል እየለመነች፣ አማት እያግባባች የምታመጣቸው ጥሩብርሃን ነበረች።

ከእነርሱ አንዷ የኔአለም ትባላለች። የመጀመሪያ ልጇን ቤቷ ሁለት ቀን ሙሉ አምጣ አጥታዋለች። ሁለተኛውን ስታረግዝ ጥሩብርሃን ሦስት ጊዜ ዳገቱን ወጥታ ለመነቻት። የኔአለም በመጨረሻ፣ «ካንቺ እጅ በቀር ሌላ እጅ እንዳይነካኝ፤ በዚህ እመጣለሁ» ብላ ወረደች። ጥሩብርሃን ሆዷን ስትዳብሰው ልጁ አግድም ተኝቷል። እንዲህ የተኛ ልጅ በቀዶ ጥገና ካልሆነ አይወለድም፤ ምጥ ሳይጀምራት ከሆስፒታል መድረስ አለባት። ጥሩብርሃን ይህን በካርዷ ላይ በቀይ ጻፈችው።

በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ ጥሩብርሃን ስትመኘው የኖረችው የዱባይ ሥራ የተሳካው። ሁለት ዓመት ሙሉ የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን ስታጠና ኖራ፣ ፈተናውንም አልፋ፣ አንድ የዱባይ ሆስፒታል ቀጠራት። የጉዞው ቀን ኅዳር ውስጥ ሐሙስ ቀን ተቆረጠ። ዜናውን ይዛ የመጣች ዕለት ሦስታችን ብቻ ተቀምጠናል፣ እናቷ፣ እሷና እኔ።

«ማን ሰምቷል?» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ።

«አንቺና ጋሼ ብቻ።»

«እንዲያ ይቆይ። አውሮፕላኑ ሳይነሣ አንድ ሰው እንዳይሰማ። የእነ አመተ ማርያም ልጅ ምን ሆነች? በግ አርደው፣ ሠፈር ጠርተው ሸኝተዋት ከአዲስ አበባ ተመለሰች። በጉንም በላነው፣ ልጅቱንም በላናት።»

«መሥሪያ ቤቴንስ? ማስረከብ አለብኝ እኮ፣ እማዬ።»

«ምን ታስረክቢያለሽ፣ ጎተራ አለብሽ? ጠበል ልሄድ ነው በያቸው። ጠበል የሚሄድ ሰው ማንም አይመቀኝም።»

ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። የተማርሁ ነኝ ብዬ የምኮራ ሰው ነበርሁ፤ ነገር ግን እኔም የአገሬ ልጅ ነኝ፣ ወሬ ሲቀድም መንገድ እንደሚሰናከል እየሰማሁ ያደግሁ። «እናትሽ እውነታቸውን ነው» አልኋት።

ሰኞ ዕለት የዓመት ፈቃድ ወስዳ፣ ጠበል ልሄድ ነው ብላ ከጤና ጣቢያው ወጣች። ለየኔአለምም፣ «ቅዳሜ ሳምንት እመለሳለሁ፤ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ» አለቻት። ቀኗ ገና ሦስት ሳምንት እንደሚቀረው ቆጥራ ነበር። በልቧ፣ ከአዲስ አበባ ሆኜ ልነሣ ስል ደውዬ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ብላ እንደ ነበር ኋላ ነግራኛለች።

ረቡዕ እናቷ ቤት እኔም ባለሁበት ሻንጣ ስታሰናዳ ስልኳ ጮኸ። እጇ ሥራ ይዞ ስለነበር ድምፁን ከፍታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። የደወለው እንዳላማው ነው፣ አብሯት የሚሠራው ነርስ።

«ሲስተር፣ ጠበሉ እንዴት ይዞሻል?»

«ደኅና ነው።»

«ለእኛም አንድ ጀሪካን አትርሽ። እኛም ኃጢአተኞች ነን።» ሳቀ። «ያቺ የኔአለም ሄደችብን።»

«የት?»

«ቤቷ ነዋ። አጨዳ ደርሷል፣ ባሌ ብቻውን ነው፣ ሲስተር እስክትመለስ እዚህ ተጋድሜ ምን እሠራለሁ አለች። ብንለምናት፣ ብንለምናት፣ ‹እናንተን ማን ጠየቃችሁ› አለችን። አንቺ ከሌለሽ እኛ እዚህ ግንድ ነን።»

«ልጁ አግድም ነው እኮ፣ እንዳላማው።»

«ካርዱን አይቼዋለሁ። አንቺ የምትመጪ ቀን እሷም እንደምትመጣ ምላለች። ቅዳሜ ሳምንት ትደርሻለሽ አይደል?»

ወይዘሮ ያለምወርቅ ሹራብ እያጠፉ ነበር። እጃቸው ቆመ፤ ራሳቸውን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቁ። በዚያች ደቂቃ አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ አልመለስም፣ ዛሬውኑ ሰው ልካችሁ አውርዷት ማለት ብቻ። ጥሩብርሃን አየችኝ። እኔ ዓይኔን ሻንጣው ላይ ጣልሁ።

«እደርሳለሁ» አለች። «እንደዚያ በላት።»

በማግሥቱ በረረች። አዲስ አበባ ላይም አልደወለችም፤ ሰልፉና ወረቀቱ ፋታ አልሰጣትም ይሆናል፣ ወይም አንዴ የተባለ ቃል መመለስ ይከብዳል።

ታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ቀን አበባው፣ የየኔአለም ባል፣ ጠይቆ ጠይቆ ደጃችን መጣ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ቤት አልነበሩምና እኔ ዘንድ ገባ። አገዳ የመሰለ ቀጭን ሰው ነው፤ ተቀመጥ ብለው ቆሞ ቀረ።

«መምህር፣ ሲስተር ከጠበል አልተመለሰችም?»

«አልተመለሰችም» አልሁት። ቃሉ እውነት ነበር።

«የኔአለምን ዓርብ ዕለት ምጥ ጀመራት። ወሳንሳ አሰናዳን፣ ተሸካሚም ተሰበሰበ። እሷ እምቢ አለች። ‹ነገ ሲስተር ትመጣለች፤ ለአንድ ቀን ብላችሁ ሌላ እጅ ላይ አትጣሉኝ› አለች። ቅዳሜ መንገድ መንገዱን ስናይ ዋልን። እሑድ በግድ ተሸክመናት ስንወርድ ወንዙን ሳንሻገር ዐረፈች። ሕፃኑም ከሆዷ አልወጣ።»

ምን እንዳልሁት አላስታውስም። እግዜር ያጥናህ ብዬ ይሆናል።

«የመጣሁ ለወቀሳ አይደለም» አለ። «ታማ ይሆን ብዬ ነው። እሷ ቃሏን የምታጥፍ ሰው አይደለችም።»

ወይዘሮ ያለምወርቅ ሲመለሱ ነገርኋቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው፣ «ለጥሩብርሃን አይነገርም» አሉ። በእኛ አገር ውጭ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን በባዕድ አገር ማን ይደግፈዋል? ሲመጣ ጎረቤት ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስቦ ያረዳዋል። ይህ ሥርዓት ግን ለዘመድ የተሠራ ነው። ነርስን ስለ አንዲት የገጠር ሴት የሚያረዳት ማን ነው? ምንስ ተብሎ ይጀመራል? ይህን አሰብሁት እንጂ አልተናገርሁትም።

ጥሩብርሃን በየእሑዱ ትደውላለች። በዚያ ሳምንት ስትደውል ከሰላምታ ቀጥላ፣ «የኔአለም ወለደች?» አለች።

«ወለደች» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ። «ወንድ።»

እኔ አጠገባቸው ነበርሁ። «ወንድ» የሚለውን የጨመሩት ለምን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፣ ዝም ብሎ ወጣብኝ አሉኝ። አንዴ ወንድ ከሆነ ደግሞ ክርስትና መነሣት ነበረበት፤ ስሙ ማን ተባለ ስትል ገብረ ሚካኤል ያልኋት እኔ ነኝ። ከዚያም ጥርስ አወጣ፣ ዳኸ፣ ቆመ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ አንድ ሰሞን ሲከፈት አንድ ሰሞን ሲዘጋ፣ ኔትወርኩም ሲጠፋ፣ እሷና እንዳላማውም ተቆራረጡ፤ የልጁን ፎቶግራፍ ላኩልኝ ስትል የምንሰጣት ምክንያት አላጣንም። እሷም ፈቃዷ በደረሰ ቁጥር ጊዜው አይመችም እያልን አስቀረናት። በመጣ ሰው እጅ የሕፃን ልብስ ትልካለች። ወይዘሮ ያለምወርቅ ልብሱን እያጠፉ ሣጥን ውስጥ ያኖሩታል፤ ከሥር የአራስ፣ ከላይ የሁለት ዓመት፣ ከዚያ በላይ የሦስት። ከናፍታሊን ሽታ በቀር ማንም ለብሶት አያውቅም።

አንድ እሑድ ስለ ሥራዋ ስታጫውተኝ፣ «እዚህ ተረኛ ሲለወጥ ዝም ተብሎ አይወጣም፣ ጋሼ። አልጋ ለአልጋ እየዞርን፣ በሽተኛውን በስሙ እየጠራን እንረካከባለን። አንዱን ቢረሱ ከመንገድ ይመልሱዎታል» አለችኝ። ቀጥላም ገብረ ሚካኤል መናገር ጀመረ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ያን ዕለት ነው ጥርጣሬ ልቤ የገባው። በሦስት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ልጅ ያልጠየቀችን ነገር የለም፤ እህል ይበላል ወይ፣ ክትባቱ ተሟላ ወይ፣ አባቱን ይመስላል ወይ። ነርስ አስቀድማ የምትጠይቀውን አንዱን ጥያቄ ግን አንስታው አታውቅም። ከዚያ ወዲህ እሑድ ሲመጣ እፈራ ጀመር።

ዘንድሮ ከፋሲካ በፊት፣ እሑድ ባልሆነ ቀን፣ በቀትር ደወለችልኝ። ከበስተኋላዋ ዘፈንና የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ለበዓሉ እመጣለሁ። ትኬቱን ቆርጫለሁ፤ አሁን እንዳትከለክሉኝ።»

«ደግ አደረግሽ።»

«ጫማ ሱቅ ቆሜ ነው። ለገብረ ሚካኤል ልክ እናቴን ብጠይቃት ሃያ ስድስት አለችኝ።»

«እንግዲህ እሳቸው ካሉ።»

«ጋሼ፣ የት ሆስፒታል ነው የተወለደው?»

ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። አርባ ዓመት ያህል ጥያቄ ስጠይቅ እንጂ እንዲህ ስጠየቅ አልኖርሁም።

«አልተወለደም፣ ልጄ» አልኋት።

«እሷስ?»

«እሷም።»

ዘፈኑ ቀጥሏል። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ጥሩብርሃንም በለሰለሰ ድምፅ መለሰችላት።

«ቅዳሜን ጠብቃ ነው?» አለችኝ ተመልሳ።

«አዎ።»

«አውቄ ነበር። የመጀመሪያው እሑድ እናቴ ‹ወንድ› ስትለኝ አውቄ ነበር። እንዲያ የተኛ ልጅ እቤት አይወለድም፤ ሆስፒታል ወርዳ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ቀድማችሁ የምትነግሩኝ እሱን ነበር።»

«ታዲያ ልብሱን ለምን ትልኪ ነበር?»

«እናንተስ ልኩን ለምን ትነግሩኝ ነበር?»

ቀጥላም፣ «ማወቄን ለእናቴ አይንገሩብኝ» አለች። «ያን ቀን ራሷን የነቀነቀችው እሷ ናት። ደንግጣ ትወድቅብኛለች።» እሺ አልኋት።

እሑድ ወይዘሮ ያለምወርቅ እንደ ልማዳቸው አጥሩን ተደግፈው ከልጃቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ እኔ ከወዲህ ደረቅ ቅጠል እጠርግ ነበር።

«ሃያ ስድስቱን ገዛሽው? አይ፣ ይጠብበዋል፤ አባቱ ባለፈው ሲነግረኝ እግሩ ረዝሟል። ሃያ ሰባት ያዢ» አሉ።

ከወዲያ በኩል የተባለውን አልሰማሁም። ወይዘሮ ያለምወርቅ ግን ደስ ብሏቸው ሳቁ።

«እንግዲያስ ምን ይደረግ» አሉ፣ «ልጅ ነው፣ ያድጋል።»