አይጻፍበትም

አንሙትን ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። በ2000 ዓ.ም. የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበር። ቫይረስ መላ ቢያሳጣው የአሥራ አንዱንም ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ነቅሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈና ሁሉንም ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት በተጫነበት ሲዲ ማስነሳት ጀመረ። «እስቲ ቫይረስ በየት ቀዳዳ ይገባ እንደሆነ አያለሁ!» እያለ ሲኩራራ ለጉድ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ሲዲውን ከደብረ ማርቆስ የሚያመጣው በራሱ ደመወዝ ነው፤ አቧራውን የሚጠርገው በሸሚዙ እጅጌ ነው። ማስረዳት የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም። በየኮምፒውተሩ ግንባር «አይጻፍበትም» የሚል ወረቀት ለጠፈ፤ አበቃ።

እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቻችን ዴስክ አይቀራቸው፣ ግድግዳ አይቀራቸው፣ ስማቸውን ሲጽፉ ነው የሚውሉት። እናም ኮምፒውተሩን በእስክሪብቶ አትሞነጫጭሩት ማለቱ መሰለኝ። ማን አይመስለው!

ሰኔ ላይ፣ አንዲት ቅዳሜ፣ የቅኔ መምህሩን የኔታ ወልደ ሰንበትን ይዣቸው ገባሁ። የሟች መምህራቸው ቅኔዎች የቀሩት በእርሳቸው ቃል ብቻ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ሲከልሷቸው ኖረዋል። ከጠዋት እስከ ማታ ነገሩኝ፤ ጻፍኩ፤ አስቀመጥኩ። ማተሚያው ቀለም ስለጨረሰ ኅትመቱን ለመስከረም ቀጠርነው።

«ተጻፈ?» አሉኝ።

«ተጽፏል የኔታ። ከእንግዲህ ይረፉ።»

መስከረም ላይ ቀለም መጣ። ኮምፒውተሩን ብከፍተው ባዶ ነው። አንሙትን ጠራሁት።

«ፍላሽ ላይ አላስቀመጥከውም?»

«እዚሁ ኮምፒውተሩ ላይ ነው ያስቀመጥኩት!»

«አይጻፍበትም ብዬ ለጥፌ የለም እንዴ? ማስቀመጫው ሃርድ ዲስክ ተነቅሏል፤ ሲዲው ደግሞ አዲስ ነገር አይቀበልም። የጻፍከው የሚቆየው ኮምፒውተሩን እስክታጠፋው ድረስ ብቻ ነው። ማንበብ አትችልም?»

እኔን! የአማርኛ መምህሩን! ሁለት ቃል ቢጨምርበት ምን ነበረበት? ጮህኩበት፤ ጮኸብኝ። ጥዬው ወጣሁ።

እንደተናደድኩ ደብተር ይዤ የኔታ ቤት ሄድኩ፤ ደግመው ቢነግሩኝ በእጄ ልጽፍ። የሆነውን ስነግራቸው አልተቆጡም። ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። የመጀመሪያውን ቅኔ ጨረሱ። ሁለተኛው ላይ፣ መሐሉ ሲደርሱ፣ ቆሙ። እንደገና ከላይ ጀመሩ፤ እዚያው ሲደርሱ ቆሙ።

«ክረምቱን አልከለስኩትም» አሉ ቀስ ብለው። «ተጽፏል ስትለኝ ተውኩት።»