ደንበኛው መጀመሪያ ያልበው

በኻርቱም ሰማይ ሥር ለእኔ ነፋስ የሚሸጥልኝ ሰው አልተወለደም። ነፋስ ሻጩ እኔው ነበርኩ። የከተማዋን የሪያድ ሰፈር ቪላዎች ግማሹን ያቀዘቀዝኩት እኔ ነኝ፤ ግማሹ የቀረው ባለቤቶቹ ስለኮሩ ነው። በቀትር ሳልፍ የሰፈሩ ውሾች ጥላቸውን ትተው ይከተሉኝ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም።

የመጀመሪያው ቀን ግን እንዲያ አልነበረም።

ሥራው የሙካይፍ ጥገና ነው። ሙካይፍ መስኮት ላይ የሚገጠም የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ሦስት ጎኑ ሣር ይሞላል። ትንሽ ፓምፕ ውኃ እያነሳ ሣሩን ያርሰዋል፣ መሃል ያለው ፋን ትኩሱን አየር በእርጥቡ ሣር በኩል ስቦ ቀዝቃዛ አድርጎ ወደ ቤት ይነፋዋል። ሙቀቱ ሳይጠና ሣሩ ይቀየራል፣ ፓምፑ ይጸዳል፣ ቺንጋው ይጠብቃል።

አለቃዬ መዓሊም በሽር ነበሩ፤ እዚያ የሙያ አለቃ መዓሊም ይባላል። አንድ ቪላ ወሰዱኝና ሣሩን ሞላሁ። እሳቸው ከጣሪያ ሳይወርዱ ችሎታዬን ላሳይ ብዬ ፋኑን ለቀቅኩት። ውኃውን ግን አልከፈትኩም። ሳሎን ውስጥ ቶብ የሚሉትን የሱዳን ሴቶች ልብስ የተጠቀለሉ እንግዶች ነበሩ። የሣሩ ብናኝ በሙሉ ነጫጭ ቶባቸው ላይ አረፈ።

«ያ ሐበሺ! ሳሎኔን ጋጣ አደረግከው!» ብላ የቤቱ እመቤት ጮኸች።

መዓሊም «ማለሽ፣ ማለሽ» እያሉ ይቅርታ ጠይቀው አረጋጓትና ወደ እኔ ዞሩ። «መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ነፋስ» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተቆጡም።

የዚያኑ ዕለት ሌላም ነገር አሳዩኝ። ሁሉን አስተካክለው ሲጨርሱ ሙካይፉን አጠፉትና ስለ ልጆቿ፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ስኳር መወደድ እያወሩ እመቤቲቱን አቆሟት። በቶቧ ጫፍ ፊቷን መጥረግ ስትጀምር ከፈቱት።

«ወላሂ፣ እንዲህ ቀዝቅዞ አያውቅም!» አለች።

ስንወጣ መዓሊም ሳቁ። «ያው ፓምፕ፣ ያው ፋን ነው። ደንበኛው መጀመሪያ ያልበው።»

በዚህች ዘዴ ስንት ዓመት እንጀራ በላሁባት።

መዓሊም አርጅተው ሥራ ሲተዉ ከሰይድ ጋር ተሻረክን። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ጀብራ ሰፈር ይኖር ነበር። ሀብታችን አንድ መሰላልና አንድ ድሪል ነው። መሰላሉን ራክሻ በሚሉት ባጃጅ ላይ አጋድመን ወደ ኦምዱርማን ስንሻገር እኔ ድልድዩ ላይ ወደ ዓባይ እንጠለጠላለሁ። «ወንድምዓለም፣ አትንጠልጠል፤ ብትወድቅ መሰላሉን ይዘኸው ትሄዳለህ» ይለኝ ነበር። እሱን የሚያሳዝነው መሰላሉ ነው። ዛሬም ያ ድልድይ በሐሳቤ ሲመጣ ድምፁ አብሮ ይመጣል።

አንድ ጠዋት ሰይድ መጥቶ አቀፈኝ። ከባልደረባ የማይጠበቅ ነገር ነው።

«አንተ ውስጥ የተኛ አንበሳ አለ» አለኝ።

«ይተኛ፣ ሙቀት ነው» አልኩት።

ለካ ጀብራ ባለው የሠርግ አዳራሽ ሥልጠና ገብቶ ኖሯል። አሠልጣኙ የእኛው አገር ሰው ነው። በሦስት ቀን አዲስ ሰው አደርጋለሁ ይላል። በር ይዘጋል፣ ስልክ ይሰበሰባል፣ ውኃ መጠጣት ክልክል ነው።

«አንዲት የቤት ሠራተኛ ሁለተኛውን ደረጃ ጨርሳ በማግስቱ ሆቴል ከፈተች!»

«የት?»

«ሌላ አገር።»

ቀጠለና ልቤን የሚያቆም ነገር ተናገረ፦ «እኔም ሁለተኛውን ልገባ ነው። ለክፍያው መሰላሉንና ድሪሉን እንሽጥና ድርሻዬን ስጠኝ።»

«ልጆችህ ምን ሊበሉ?»

«ሥራ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም። ለሥልጠናው አዲስ ሰው ባመጣሁ ቁጥር ይከፈለኛል።»

አልተጣላሁትም። «ለመሆኑ የተለወጥከው በምን ታወቀህ?» አልኩት።

«በመጨረሻው ቀን መብራቱ ጠፋ። ከአንገቴ ላይ ቅዝቃዜ ወረደ። የድሮው ሰይድ ወጣ።»

«ሽታ ነበረው?»

አሰበ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «የአገሬ ሽታ። ዝናብ የነካው ሣር።»

ዕድሜውን ሙሉ ያንን ሣር ሲሞላ የኖረ ሰው!

ወደ አዳራሹ ሄጄ ዘበኛውን ጠየቅኩት። ሰውዬው ምንም አልደበቀኝም። ቀኑን ሙሉ የአዳራሹ ሙካይፍ ፋን ያለ ውኃ ይሠራል፤ አሠልጣኙ መብራት ሲያጠፋ ዘበኛው ውኃውን ይከፍታል። የመዓሊም በሽር ዘዴ ማለት ነው፣ ሠልጣኙ መጀመሪያ ያልበው።

በሚቀጥለው ዙር ሰይድን ከውጭ ቧንቧው ጋ አቆምኩት። ዘበኛው አርፎ ሻይ ጠጣ። «መብራቱ ሲጠፋ አንተ ክፈት» አልኩት ሰይድን። «እኔ ውስጥ ሆኜ ስስቅ በሣሩ ቀዳዳ ትሰማኛለህ። ያኔ ቅዝቃዜው ከማን እንደሆነ ይገባሃል።» በመጨረሻው ቀን የተመራቂ እንግዳ በነፃ ይገባል፤ በሰይድ ስም ገባሁ።

ውስጡ ዳቦ ይጋግራል። አሠልጣኙ ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ መጨረሻ ያለቀሱት መቼ ነው?»

«ሽንኩርት ስከትፍ።»

ማንም አልሳቀም። እሱም ጠበቀኝ። ሰዓቱ ሄደ፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። መብራቱ ጠፋ። በጨለማው ስለ እናት፣ ስለተለዩን ሰዎች ቀስ ብሎ ማውራት ጀመረ።

ከዚያ ቅዝቃዜው መጣ። ያ ሽታ አብሮት መጣ። የመዓሊም በሽር እጅ፣ ራክሻው፣ ድልድዩ፣ ያለፈው ዕድሜዬ ሁሉ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ልስቅ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ልቅሶ ነው። ከሁሉ ቀድሜ ተነስቼ «ተለወጥኩ!» ብዬ ጮኽኩ።

ስወጣ ሰይድ ቧንቧውን እንደያዘ ቆሟል። «ሱብሃነላህ! እኔ ነኝ እኮ የከፈትኩት! በዚህ በእጄ!» አለኝ። እጁን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠ። የመሰላሉን መሸጥ ዳግመኛ አላነሳም። ከተማዋ በጦርነት ተበትና እኛም እስክንበተን ድረስ አብረን ሠራንበት። እሱ አሁን ደሴ ነው። ሲደውል ሰላምታው «አንበሳው ነቃ?» ነው።

ለሙያው ልጆች የምለው ይህን ነው፦ አልቦህ ከቀዘቀዘልህ በኋላ ወዲያው ውል አትግባ። ውጣ፣ ጥላ ሥር ተቀመጥ፣ ሸሚዝህ ይድረቅ።

እኔ ግን ከአዳራሹ የወጣሁት ለሁለተኛው ደረጃ ተመዝግቤ ነው። ሰይድ እየሳቀብኝ ሄጄ ጨረስኩት። እዚያም አለቀስኩ።