በመጋዘን የተቆለፈው ከበሮ

ቆዳ በእሳት ወላፈን ሲሞቅ የሚያወጣው ጠረን አለ። የሚቃጠል ቆዳ ጠረን አይደለም። ደረቅ ሣር ተለኩሶ፣ ከበሮው ከነበልባሉ ከፍ ተደርጎ እየተሽከረከረ ቀስ ብሎ ሲሞቅ፣ ጭስና በረት የተቀላቀሉበት የሚመስል ጠረን ነው። ጁባ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ እሑድ ጧት ከጸሎት ቤታችን ጓሮ ያ ጠረን ሲመጣ አምልኮ ሊጀመር መሆኑን እናውቅ ነበር። ደወል አልነበረንም። ከበሮ መቺያችን ተሻለች ከበሮዋን እያሞቀች ነበር።

ጸሎት ቤታችን ጉዴሌ ሠፈር ውስጥ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው የቀርከሃ ንጣፍ የሆነ ዳስ ነበር። በአማርኛ የምናመልክ ፕሬስቢቴሪያኖች ነበርን፤ ግማሾቻችን ለሥራ የመጣን ኢትዮጵያውያን፣ ግማሾቻችን ጋምቤላ በስደት አድገው ከሰላሙ ስምምነት በኋላ ወደ አገራቸው የተመለሱ ደቡብ ሱዳናውያን። እኔ በአንድ የግንባታ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ የሽማግሌዎች ጉባኤ ጸሐፊ አደረጉኝ። የድሮ አስተማሪዎቻችን ለእጅ ጽሕፈት በአለንጋ ነበር የሚቆጡን፤ ትርፉ ይህ ሆነ።

ተሻለች ልብስ ሰፊ ነበረች። ካቶር ገበያ ዳር፣ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ቁመቷ አጭር፣ ወፍራም ድምፅ ያላት፣ ቶሎ የምትስቅና ቶሎ የምትቆጣ ሴት። ዱቤ የሚጠይቅ ሲመጣባት መርፌዋን ከአፏ ሳታወጣ፣ "ጉሩሽ ማፊ፣ ቀሚስ ማፊ!" ብላ ትመልሳለች፤ ገንዘብ ከሌለ ቀሚስ የለም ማለቷ ነው። ከዚያ ግን ሰፍታ ትሰጣለች።

የተወለደችው ወሎ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ቤተ ሰቧ በሰፈራ ጋምቤላ ገባ። አባቷ እዚያ ወንጌል አምነው፣ በሱዳን ስደተኞች ሠፈር ወንጌላዊ ሆኑ። ስደተኞቹ ከሰጧቸው አንዱ ነገር ይህ ከበሮ ነበር፤ ሌላው ወግ ነበር። በእነሱ ወግ ሰው ሲቀበር ከበሮ ይመታል፤ የመጀመሪያውን ምት የሚመታው የሟቹ ታላቅ ልጅ ነው። አባቷ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው በወባ ሞቱ። ታላቅ ወንድሟ ሠርፀ ያኔ ገና ጢም አላበቀለም። ከበሮውን ከእሱ ይበልጣል እያሉ ደግፈውለት፣ የመጀመሪያውን መታ። ይህን ተሻለች ራሷ አንድ ከሰዓት በኋላ እየሰፋች ነገረችኝ፤ "እንዴት ብሎ እንደ መታው ብታይ!" ብላ መኪናዋን አቆመች።

ያ ሠርፀ ነው በኋላ ጸሎት ቤታችንን ለሁለት የከፈለው።

ሠርፀ ጁባ ውስጥ የአንድ የእርዳታ ድርጅት መጋዘን ኃላፊ ነበር። ሥርዓተኛ ሰው ነው፤ ሸሚዙ እንኳ እጥፋቱ አይጠፋም። ናይሮቢ የሥነ መለኮት ኮርስ ተከታትሎ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆነ። ሰባኪያችንም የሽማግሌዎቹም ሰብሳቢ እሱ ነበርና፣ በመጀመሪያው እሑድ ቆሞ፣ "እግዚአብሔር በቃሉ ያላዘዘውን ሁሉ ወደ አምልኮ ማምጣት ክልክል ነው" አለን። ከእንግዲህ የሚዘመረው መዝሙረ ዳዊት ብቻ ነው፤ ያለ ከበሮ፣ ያለ ጭብጨባ።

"መዝሙረ ዳዊት ራሱ ከበሮን ይጠራ የለም እንዴ?" ብለን ጠየቅነው።

"እሱ የቤተ መቅደስ ሥርዓት ነው። ከመሥዋዕቱ ጋር አለፈ።"

መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር። ለሁሉም ነገር የተዘጋጀ መልስ ነበረው። ከከተማው ትልቁ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበረንን ኅብረት "ከተበከለው እንለይ" ብሎ አቋረጠ። ያልተስማሙት ወጥተው አንድ ማንጎ ዛፍ ሥር ማምለክ ጀመሩ። ከበሮውን ደግሞ ሠርፀ በመኪና ወስዶ መጋዘኑ ውስጥ፣ ከዱቄት ጆንያዎች ጀርባ ቆለፈበት። ያ ከበሮ የአባታቸው መሆኑን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

የማንጎው ሥር ሰዎች ወደ እነሱ እንድትመጣ ተሻለችን ለመኗት። እምቢ አለች። "የጌታ ማዕድ የሚለብሰውን ጨርቅ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ወንድሜም እዚያ ነው። ወዴት ነው የምሄደው?" አለች። እሑድ እሑድ ከኋላ አግዳሚ ላይ፣ እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከትታ ትቀመጥ ነበር። ጣቶቿ እንዳይመቱባት ነው።

በክረምቱ፣ ማንጋቴን ሠፈር የምትኖረው የኛዳክ ሕፃን ሞተ። ኛዳክ ጋምቤላ ከተሻለች ጋር ያደገች፣ አማርኛን ከእኔ ይልቅ የምታጣፍጥ ሴት ናት። በጭቃው ውስጥ እየወደቅን ደረስን። መቃብሩ ዳር ኛዳክ አላለቀሰችም፤ "ከበሮው የታለ? ልጄን እንደ ውሻ ዝም ብላችሁ ነው የምትቀብሩት?" ብላ ጮኸች። ሠርፀ መዝሙር ማንበቡን ቀጠለ።

ያኔ ተሻለች ለቆፋሪዎቹ እጅ መታጠቢያ ውኃ የመጣበትን ቢጫ ጀሪካን አነሣች። የቀረውን ውኃ ደፋች። ለሕፃኑ አባት በሁለት እጇ አቀረበችለት፤ ሟቹ ልጅ የለውምና የመጀመሪያውን አባትየው መታ። ከዚያ ተቀብላ በክንዷ ሥር ይዛ መታችው። ያ ፕላስቲክ እንዲያ ይናገራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ኛዳክ እንባዋ የመጣው ያኔ ነው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሽማግሌዎች ጉባኤ ተሻለችን ጠራት። የጌታ ራት የሚቀርበው በማግሥቱ ነበር። ሠርፀ በጸሎት ከፈተ። ሁለተኛው ሽማግሌ ግንበኛው ጋሽ ከፍያለው ነበሩ፤ እጃቸው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። እኔ ብዕሬን ይዣለሁ። ተሻለች ቆማ ቀረች።

"እህት ተሻለች፣ ተቀመጪ" አላት ሠርፀ።

"እህት ተሻለች? ተሹ ማለት በናይሮቢ ተከለከለ?"

ጋሽ ከፍያለው ሳላቸው መጣ። ሠርፀ አልሳቀም።

"በቀብር ሥርዓት ላይ የሙዚቃ መሣሪያ መጠቀምሽ ተመስክሮብሻል።"

"ጀሪካን እኮ ነው!"

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ ጋሽ ከፍያለው በእውነት ተጨንቀው፤ "ጀሪካን መሣሪያ ነው ወይስ ዕቃ? ለምሳሌ ውኃ ካለበት... ውኃ ነበረበት?"

"ደፋሁት ጋሼ።"

"እሱ ነው ያበላሸው" አሉ ጋሽ ከፍያለው ራሳቸውን እየነቀነቁ። እኔ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ልጁ የሞተባት እናት ከእኛ ሁለት ሠፈር ርቃ መሬት ላይ ተኝታለች፤ እኛ ጀሪካን ውስጥ ስለ ነበረ ውኃ እንከራከራለን። እዚያ ጠረጴዛ ላይ በጡጫ መምታት ነበር ያሰኘኝ።

"ነገሩ ቀላል ነው" አለ ሠርፀ። "ነገ ከማዕዱ በፊት ተነሥተሽ፣ 'በአምልኮ ውስጥ እግዚአብሔር ያላዘዘውን በማምጣቴ በድያለሁ' ትያለሽ። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ካልሆነ ከጌታ ማዕድ ትታገጃለሽ፤ ከታገድሽ ደግሞ ከእኛ ጋር አይደለሽም።"

የተሻለች ፊት ሲቀላ አየሁት። ስትናገር ድምፅዋ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ነበር፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

"ወንድም ጋሼ፣ አባባን የቀበርናቸው በምንድን ነው?"

"ያኔ አናውቅም ነበር።"

"አልጠየቅሁህም እንዴ? በምንድን ነው?"

"ጊዜው የአለማወቅ ነበር ተሻለች።"

"የመጀመሪያውን የመታኸው አንተ ነህ። እጅህ ተልጦ ደምቶ ነበር፤ እኔ ነኝ በነጠላዬ ጠርጌልህ ያደርኩት። ሰውየው ካመኑ ጀምሮ ወንጌል ሰብከው ሞተው፣ በኃጢአት ነው የሸኘናቸው?"

"አባባን ወደዚህ አታምጪያቸው!" ሠርፀ ጠረጴዛውን ያዘ።

"አንተ ነህ እኮ መጋዘን ውስጥ የቆለፍካቸው!" አሁን ጮኸች፤ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ። "እሺ። እላለሁ። ነገ ቆሜ በድያለሁ እላለሁ። አንተ ግን ቅደመኝ። አሁን፣ እዚሁ፣ 'በአባቴ መቃብር ላይ ከበሮ መትቼ በድያለሁ' በል። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። አንተ በል፤ እኔ እከተልሃለሁ።"

"ልጄ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ..." ብለው ጀመሩ ጋሽ ከፍያለው።

"ጋሽ ከፍያለው፣ ይቅርታ፤ ወንድሜን ነው የጠየቅሁት።"

ውጭ ቦዳቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ እየጮኸ አለፈ። ሠርፀ መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው። "በአባቴ" አለ። ከንፈሩ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ይፈልግ ነበር። "በአባቴ መቃብር..." ብሎ ቆመ። ለሁሉም ነገር የተዘጋጀ መልስ የነበረው ሰው ቀኝ እጁን ገልብጦ መዳፉን አየ።

"ተሹ" አላት።

እሷ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል ጠበቀች።

ሠርፀ ጉባኤን በጸሎት ሳይዘጋ ተነሥቶ አያውቅም ነበር። ያን ዕለት ግን ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ፤ መዝሙረ ዳዊቱን በብብቱ ሥር ከተተ፤ ለዝቅተኛው በር ጎንበስ ብሎ፣ የተሻለችን ውሳኔ ሳያስጽፈኝ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።